ግልጽ ደብዳቤ፦ መጽሐፉንና መስኮቱን አታራርቁብን

ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ የልጆች መጽሐፍ ለምታሳትሙና ለምትተረጉሙ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለትንንሽ ልጆች የሚነበቡ የወቅት የሥዕል መጻሕፍት አመራረጥ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ የአራት ዓመት ልጅ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ለትንንሽ ልጆች መጽሐፍ አነብባለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ግን ደመወዝ ከሚከፈለኝ ሥራ ይልቅ ለሱ ነው የምቸኩለው። የዚያን ቀን "ወቅቶች" ከሚል መደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ አነሳሁ። ስለ ክረምት ነው ይላል። ሽፋኑ ላይ ነጭ የለበሰ ጫካና ቀይ ሻርፕ ያደረገች ጥንቸል አለች። ውጭ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። "በረዶው ድምፁን አጥፍቶ፣ ቀስ ብሎ ወረደ" ብዬ ስጀምር አንዷ እጇን አወጣች።

"በረዶ እኮ ይጮኻል።"

እውነቷን ነው። እሷ የምታውቀው በረዶ ጣራውን እንደ ጠጠር የሚደበድብ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ካልጮኸ አይሰማማም። ሲያባራ ደጅ ወጥተው ይለቅሙታል። ሁለት ሦስቱ ልጆች "አዎ! ቷ ቷ ቷ ነው የሚለው!" እያሉ አገዟት። ጥንቸሏ ተረሳች። እኔም መጽሐፉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ቤት ገብቼ ጥፋተኛ ፈለግኩ። ተርጓሚው አልተሳሳተም። በአማርኛ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፣ እንደ ላባ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው። "አመዳይ" የሚል ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቃለን፤ እስቲ ለአራት ዓመት ልጅ "አመዳይ ወረደ" በሏት። ሠዓሊውም ያየውን ነው የሣለው። መደርደሪያውን ያደራጀው ሰው ሽፋኑ ላይ ወቅት የሚል አይቶ ወቅቶች ውስጥ ከተተው። እኔ ደግሞ ሳላገላብጥ አነሳሁት። ሁላችንም ሥራችንን የሠራን ይመስለናል፤ ልጅቷ ግን መሃል ላይ ቀረች።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የወቅት መጽሐፍ ስትመርጡ፣ ስትተረጉሙ፣ ስትደረድሩ መጀመሪያ በመስኮት ወደ ውጭ እዩ። ልጁ ዛሬ ጠዋት ሲመጣ ምን አገኘው? ዝናብ? አቧራ? ንፋስ? መጽሐፉ ከዚያ ይጀምርለት። የሩቁ ወቅት አይነበብ ማለቴ አይደለም። ወደሱ እመለሳለሁ።

ለሦስት ዓመት ልጅ ወቅት የሚባል ነገር የለም። ያለው ዝናብ ነው። ያለው ጭቃ ነው። "ሹራብ ካልለበስሽ አትወጪም" የምትል እናት ናት ያለችው። ወቅት የጊዜ ስም ነው፤ ጊዜ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ገና አልተፈታም። የዛሬ ዓመት የሆነውም "ትናንት" ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ የሚሆነውም "ነገ" ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው "ከበጋ በኋላ ምን ይመጣል?" ብሎ ነገር ምን ይባላል?

እኛ ግን አራቱንም ወቅት በአንድ መጽሐፍ ጠቅልለን እንሰጠዋለን። ዛፏን ታውቋታላችሁ። ያቺው አንዷ ዛፍ አራት ጊዜ ትሣላለች፤ አበባ ይዛ፣ አረንጓዴ ሆና፣ ቅጠሏ ቢጫና ቀይ ሆኖ፣ ከዚያ እርቃኗን። ከሥሯ አራት ዓረፍተ ነገር። ማንም አይጠፋም፣ ማንም አይወድቅም፣ ማንም ምንም አይፈልግም። ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ያምራል። ጭን ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ልጅ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ መውረድ ያምረዋል። አልፈርድበትም።

የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ይሄ የደራሲዎች ጥበብ አይደለም። ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው ነው ቁጥሩ እዚያ ላይ የሚያርፈው። እኔ ግን በልጅ ትዕግሥት የተለካ ይመስለኛል። በ32 ገጽ ውስጥ አንድ ዝናብ ጥግብ ብሎ ይዘንባል። አንድ ሙሉ ዓመት ግን አይገባበትም።

ከማነባቸው መጻሕፍት መካከል ልጆቹ በጣም የሚወዱትን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ አለ። በዝናብ ይወጣል። አንዱ ቦት ጫማው ጭቃ ውስጥ ይቀርበታል። አለቀ፤ ታሪኩ ይሄው ነው። የቀረው ገጽ ሁሉ ያንን ጫማ ማውጣት ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ከስድስት ሰባት ቃል በላይ የለም። "ዝናብ ለተክሎች ጠቃሚ ነው" የሚል ምክር የትም አልተጻፈበትም። ይህንን መጽሐፍ አንድ ዝናባማ ቀን ሳነብ አንዱ ልጅ ሹልክ ብሎ ተነሳ። በሩ ጋ ሄዶ የተደረደሩትን ጫማዎች መለየት ጀመረ፤ ጭቃ የነካውን በዚህ፣ ያልነካውን በዚያ። ማንም አላዘዘውም። ሌሎቹ ተከተሉት። አንዷ የራሷን ጫማ ሶል ገልብጣ "የኔ ጭቃ ቀይ ነው፣ የሱ ጥቁር ነው" አለች። እኔ ይህንን በምን ትምህርት እሰጣት ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳትሟል። ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ገደማ የሆኑ ልጆች ወላጆች አነባበባቸውን እንዲቀይሩ አሠለጠኑ። በቃ ማንበብ ብቻ ሳይሆን "ይሄ ምንድነው? ምን እያደረገ ነው?" እያሉ መጠየቅ፣ የልጁን መልስ ተቀብሎ ትንሽ ማስፋት። አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው የፈጀው። የእነዚያ ልጆች ንግግር ከሌሎቹ ቀድሞ ተገኘ። ነገሩን ያነሳሁት ለመስኮቱ ስል ነው። ልጅ እንዲመልስ የሚመልሰው ነገር ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ስለዘነበው ዝናብ ሁሉም ልጅ መልስ አለው፤ ዝምተኛው ሳይቀር። ስለማያውቀው ነጭ ጫካ ግን ብትጠይቁት እናንተን እናንተን ነው የሚያየው።

አሁን ወደ መደርደሪያው ልምጣ። "አራቱ ወቅቶች" የሚለው መለያ ለማን እንደሚሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ምድር 23.5 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብላ ስለሆነ ፀሐይን የምትዞረው፣ ሰሜኑ ሲበርደው ደቡቡ ይሞቀዋል። አንዱ ልጅ ካፖርት በሚለብስበት ወር ሌላው ባሕር ዳርቻ ይዋኛል። ወደ ምድር ወገብ ስትጠጉ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚያ ወቅትን የሚለየው በአብዛኛው ዝናቡ ነው። አበባ፣ ሙቀት፣ የቅጠል መርገፍ፣ በረዶ የሚለው ቅደም ተከተል የተወሰነ የዓለም ክፍል እውነት ነው። ሐሰት አይደለም። የሁሉም ልጅ ግን አይደለም።

በነገራችን ላይ "ብርድ የሚመጣው ፀሐይ ስለምትርቅ ነው" የሚል መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ይቅርባችሁ። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሰሜኑ ጥርሱ በሚንገጫገጭበት ሰዓት ማለት ነው። ምክንያቱ መራቅ ሳይሆን ያ ዘንበል ማለቷ ነው። ይህንን ለሦስት ዓመት ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ግን ስህተቱንም አትሽጡለት። ልጅ ሆኖ የሰማውን ነገር ሰው ሸምግሎም አይለቀውም።

እና መለያውን ቀይሩት። "ዝናብ" በሉ። "ንፋስ"፣ "ሙቀት"፣ "ብርድ"፣ "አበባና ፍሬ" በሉ። ጨለማና ብርሃንን የሚያወሩ መጻሕፍትም ለብቻ ቦታ ይኑራቸው፤ ልጆች ስለ ጨለማ ስንት ወሬ አላቸው መሰላችሁ። መለያው ላይ ከጽሑፉ ጎን ትንሽ ሥዕል ቢኖር ደግሞ ማንበብ የማይችለውም ራሱ ሄዶ ያነሳል። ወጪው የወረቀትና የፕላስተር ነው። የበዓል መጻሕፍትን ግን ከዚህ አውጡልኝ። እነሱ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ከወቅት ጋር ሲደባለቁ ወቅቱ ስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ለተርጓሚዎች ሁለት ቃል። "ክረምት" ለአማርኛ ጆሮ ዝናብ ነው። ደመና ነው፣ ጭቃ ነው፣ መብረቅ ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ሰማዩ ጠርቶ መሬቱ ነጭ ነው። ልጁ የሚሰማውና የሚያየው ሲጣላበት ማንን ይመን? "የብርድ ወራት መጣ" ብትሉ ምን ይጎድላል? "ፀደይ" ሲባልማ አዋቂዎቹም አንስማማም፤ አንዱ አበባ የፈነዳበትን ጊዜ ያስባል፣ ሌላው ከቀን መቁጠሪያው ሌላ ወር ይቆጥራል። እንግዲህ የወቅቱ ስም ሲያስቸግር ስሙን ተዉትና የሚታየውን ጻፉ። "አበቦች ወጡ።" በቃ። የሥዕል መጽሐፍ ስትተረጉሙ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም ፊት ለፊታችሁ አድርጉ እባካችሁ።

ሠዓሊዎችም አልቀራችሁም። አንድ መጽሐፍ አለን፤ ከዝናብ በኋላ ቀስተ ደመና ወጥቶ፣ ከቀስተ ደመናው ጎን ፀሐይ ፈገግ ብላ የምትታይበት። ደማቅ ነው፣ ልጆች ይስሙታል። አንድ ቀን እውነተኛ ቀስተ ደመና ወጣና ሁላችንም ወደ መስኮቱ ሮጥን። አንዱ ልጅ ግን ቀስተ ደመናውን ትቶ ግራ ቀኝ መፈለግ ያዘ። ፀሐይዋን ነው። ከጎኑ የለችም። ኋላ ሲዞር በጀርባችን በኩል ባለው መስኮት ገብታ ፊቱን አበራችው። "ፀሐይዋ ቦታዋን ስታለች" አለኝ።

አያችሁ? መጽሐፉና ሰማዩ ሲጋጩበት ያመነው መጽሐፉን ነው። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከኋላችን፣ ዝናቡ ከፊታችን ሲሆን ነው። ሁልጊዜ። የዚህ ዓይነት ስህተት በየመጽሐፉ ሞልቷል። የበረዶ ቅንጣት አምስትና ስምንት ጫፍ እያወጣች ትሣላለች፤ የውኃ ሞለኪውሎች ሲረጉ የሚይዙት አደራደር ግን ስድስት ማዕዘን ነው የሚያደርጋት። ኬፕለር የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ስለ ስድስት ማዕዘኗ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1611 ነው፤ ዊልሰን ቤንትሊ የሚባለው አሜሪካዊ ገበሬ ደግሞ ከ1885 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶችን ፎቶ አንስቷል። ለመሣል የሚቸገር ሰው ማየት ይችላል። "ለልጅ እኮ ነው" የሚል መልስ እንዳትሰጡኝ። ለልጅ ስለሆነ ነው።

ሻርፕ ያደረገችውን ጥንቸልስ? እሷን አልጠላትም። ለጨዋታ ከሆነ ሻርፕም ትልበስ፣ ሻይም ትጠጣ። ነገር ግን እንስሳት ብርድን እንዴት እንደሚያልፉ ለማሳየት የምትመርጡ ከሆነ ሌላ ጥንቸል ፈልጉ። ፓትሪሺያ ጋኒያ የተባለች በካናዳ ያለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ እንስሳት እንደ ሰው የሚያወሩባቸው መጻሕፍት የተነበቡላቸው ልጆች ለእውነተኞቹም እንስሳት የሰው ጠባይ ወደ መስጠት አዘንብለው ተገኝተዋል። ጥንቸል ብርዱን የምትችለው በጸጉሯ ነው። ያንን የሚያሳይ ሥዕል ከሻርፑ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው፤ በተለይ ክንዱን ዳብሶ "እኔስ ጸጉር የለኝም?" ለሚል ልጅ።

ስለ ወፎች ብዙ አልልም፤ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ስንት መጽሐፍ ነው "ወፎቹ ወደ ሞቃት አገር ሄዱ" ብሎ የሚያልቀው? ያ ሞቃት አገር የሰው ቤት ነው። እዚያ ያለው ልጅ "ሄዱ" አይልም፤ "መጡ" ነው የሚለው። ነጭ ሽመላ አውሮፓ ውስጥ ትፈለፍልና ብርዱን ሽሽት አፍሪካ ትገባለች። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ተፈልፍላ እስከ ደቡብ ዋልታ ባሕሮች የምትበር ትንሽ የባሕር ወፍም አለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሞቃት ወራት ታያለች ማለት ነው። አሳታሚዎች፣ ወፎቹ "መጡ" ከሚባሉበት ወገን የሚጀምር አንድ መጽሐፍ አውጡልን። እኔ ቀድሜ እገዛለሁ።

አሁን ደግሞ የራሴን ብሶት። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ያቺን የቦት ጫማ መጽሐፍ ልዋስ ሄድኩ። ዝናቡ ካባራ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። "የዝናብ መጻሕፍት ወቅታቸው ስላለፈ በካርቶን ታሽገው ገብተዋል፤ ለከርሞ ይወጣሉ" ተባልኩ። በትህትና ነው የነገሩኝ፣ አልዋሽም። ለከርሞ! ያ ልጅ ለከርሞ ስንት ቁጥር ጫማ እንደሚያደርግ እንጃ። ጫማ የለየው ልጅ እኮ በየሳምንቱ "ያንን የጫማውን" ይለኛል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ ነው ይበልጥ የፈለገው፤ ምክንያቱም አሁን የሚያስታውሰው ነገር አለው። ደጅ ወጥቶ "እዚህ ጋ ነበር ጭቃው" እያለ ደረቁን መሬት ያሳየኛል።

መስኮቱ የመጀመሪያውን ቀን ይወስን ያልኩት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ልጁ ይወስን። ደጋግሞ ማንበብም ስንፍና አይደለም። በእንግሊዝ የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ የሦስት ዓመት ልጆች ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ሲሰሙ አዳዲስ ቃላትን የተሻለ ይይዛሉ፤ እነዚያኑ ቃላት በተለያዩ ታሪኮች ከሰሙት ልጆች ይልቅ። እና ካርቶኑን ክፈቱት። ከመደርደሪያው ፊት ለፊት የወቅቱን አውጡ፣ ያለፈውን ከታች አድርጉት፣ ልጅ እጁ በሚደርስበት። በአንድ ጊዜ ብዙ መጽሐፍ ከመስጠት ይልቅ አንዱን ረዘም ላለ ጊዜ ማዋስም ሳይሻል አይቀርም።

ወደ በረዶው እመለሳለሁ ብያለሁ። የሩቁ ወቅት ይነበብ። ዓለም ከመስኮታችን እንደሚሰፋ ልጅ ማወቅ አለበት። ነገር ግን "ክረምት መጣ" ብላችሁ እንደ ቤቱ ወሬ አትጀምሩት። "ሩቅ አገር ነው፣ እዚያ ያሉ ልጆች ጠዋት በር ሲከፍቱ ያዩትን ላንብብላችሁ" በሉት። እንደ እንግዳ ይግባ። ቢቻል ደግሞ የሚነካ ነገር ይኑር።

እኔ እንዲህ አደረግኩ። በቀጣዩ ሳምንት ከቤቴ ፍሪዘር ግድግዳ ላይ የተጋገረውን በማንኪያ ፍቄ በፔርሙዝ ይዤ ሄድኩ። ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ። እያንዳንዳቸው በጣታቸው ነኩ። አንዱ ላሰው፤ ዝም አልኩ። ያቺ የአራት ዓመቷ ልጅ ግን አልነካችም። ጆሮዋን ሳህኑ ላይ ደፋች። ሌሎቹን "ዝም በሉ" አለቻቸው። እጇን ዘርግታ ጥቂት ቆንጥራ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። እንደገና አዳመጠች።

"ይሄኛው አይጮኽም" አለች። "እሺ፣ አሁን አንብቢው።"

ከአክብሮት ጋር፣
በሳምንት አንድ ቀን ከምታነብላችሁ